ያጨበጨበስ ዕዳ የለበትም?

በየካቲቱ የሴሚስተር ዕረፍት ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ የደጋው ብርድ ከትከሻችን ላይ ተገፈፈ፤ አርማንያን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ደግሞ የለበስነው ሹራብ ራሱ ሸክም ሆነብን። እኛ የይፋት ቆላ ልጆች ነን፤ ሙቀቱን እናውቀዋለን፣ እሱም ያውቀናል። ከአውቶቡስ ወርደን ሻይ ፍለጋ ስንሄድ ሽንኩርት ከሚጫንበት ሜዳ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሞ አየን። ከታች ሆኖ ጆንያ የሚያቀብለው ሰው መሰላል አላስፈለገውም፤ እጁን ከዘረጋ ይደርሳል። ያን የእጅ አዘረጋግ እናውቀዋለን። ስንት ቀን አጨብጭበንለታል!

እሱም አየን። እጁን በሱሪው ጠርጎ አንድ በአንድ አቀፈንና፣ «ወንድሞቼ፣ ጨረሳችሁ ወይስ ገና ናችሁ?» አለን።

«ገና ነን» አልነው።

«እኔማ ቀደምኳችሁ፤ ጨረስኩ» ብሎ ሳቀ። እኛ ግን መሳቅ አቃተን። ሻዩም አልጣመንም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ካልጣመን ሻይ የተነሣ ነው። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ አንድ ተማሪ በጉልበቱና በቁመቱ ለትምህርት ቤቱ ስምና ደስታ ካመጣ በኋላ ባዶ እጁን ቢሰናበት፣ ተበዝብዟል ማለት ይቻላል ወይ? ይቻላል ከተባለስ በዝባዡ ማን ነው?

ታሪኩ አጭር ነው። ልጁ ያደገው ከከተማው ወጣ ባለ የመስኖ ማሳ ላይ ሽንኩርትና ማሾ ሲኮተኩት ነው። በሁለተኛ ደረጃ መረብ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ቅርጫት ኳስ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቁመቱን ያዩ ሰዎች ከምዝገባ ሰልፍ ላይ ጠርተው ወሰዱት። (የኮሌጁን ስም አንጠራም፤ የትኛውም ሊሆን ይችላልና።) ዓመት ሳይሞላ የቡድኑ ምሰሶ ሆነ። ጧት ልምምድ፣ ማታ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ጉዞ። በካፌ አንድ ሳህን ይጨመርለታል፤ ጫማ ይገዛለታል፤ በግቢው ውስጥ ሲያልፍ ስሙ ይጠራል። የተመደበው ሒሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ነበር፤ ክፍሉን ግን የሚያውቀው በመስኮቱ በኩል ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ታዲያ እንዴት ያልፍ ነበር? እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። አንዳችን የመገኘት ወረቀት ላይ ፈረምንለት። አንዳችን አሳይመንቱን ጻፍንለት። ከመካከላችን ሒሳብ አያያዝ የሚያጠናው ጓደኛችን ደግሞ መልመጃውን ከራሱ ቀድሞ የሱን ይሠራለት ነበር። በፈተና ቀን ወረቀታችንን ገለጥ አድርገን ተቀመጥን። አስተማሪዎችም «ለቡድኑ ሲባል» እያሉ አለፉት። ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነው። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ከቅርጫቱ ሥር ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ዞረ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ አንድ ሆነ፤ «ለቡድኑ ሲባል» የሚለውም ነገር ቀረ። በተከታዩ ሴሚስተር ውጤቱ ወደቀ። የማርክ ነገር ተወርቶ ኮሚቴ ተቋቋመ ተባለ፤ ተጠርቶ የተጠየቀው ግን እሱ ብቻ ነው። የማንንም ስም አልተናገረም። ዲስሚስ ሆኖ ወደ ቆላው ወረደ። እኛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው፤ ከዚያም ለፈተና ወደ ማጥናታችን ተመለስን።

ብዝበዛ የምትለው ቃል በእኛ በተማሪዎች አፍ ብዙ ከመጠራቷ የተነሣ እንደ አሮጌ ሳንቲም መልኳ ጠፍቷል። የካፌው ወጥ ሲቀጥን ብዝበዛ፣ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ሲጨምር ብዝበዛ እንላለን። ስለዚህ ጥቂት ልንመረምራት ይገባል። የአንዱን ድካም ፍሬ ሌላው ሲቀምስ ሁሉ ብዝበዛ ነው ከተባለ፣ እናቶቻችን በእኛ ተበዝብዘዋል ማለት ነው። እናት ግን የሰጠችው ወዳ ነው፤ የሰጠችውም ለሚወደድ ነው፤ ስትደክም ደግሞ ጥለናት አንሄድም (ቢያንስ መሄድ ነውር መሆኑን እናውቃለን)። እንግዲህ ብዝበዛን ብዝበዛ የሚያደርገው መጠቀሙ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው ብለን እናስባለን። አንደኛ፣ ለድካሙ ምትክ የሚሆን ነገር ቃል ይገባለታል። ሁለተኛ፣ ያ ቃል እንዳይፈጸም የሚያደርገው ያው ድካሙ ራሱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ተጠቃሚው ይህን እያወቀ ዝም ይላል።

«እሱ ራሱ ደስ ብሎት ነበር እኮ!» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ደስ ብሎት ነበር። እኛም አይተናል። ደስታው ግን ስለ ፍትሑ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ በሬ ካራጁ ይውላል ይባላልና። «ማንም አላስገደደውም» የሚልም ይኖራል። ይህ ከፊተኛው ይከብዳል፤ ሰውን ሁሉ እንደ ሕፃን ቆጥረን ምርጫውን ልንነፍገው አይገባምና። ይሁንና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከማሳ የመጣ፣ አገሩ ሁሉ የጠበቀው፣ የመጀመሪያ ፈተናውን የፈራ ልጅ ሁለት በር ታየው፤ አንዱ ጠባብና ጨለማ፣ ሌላው ሰፊና የሚጨበጨብበት። በሰፊው ቢገባ መረጠ እንላለን፤ ግን ጠባቡን በር ከውጭ ሆነን የዘጋንበት እኛ ነን። «ምግብና ጫማ አግኝቷል» የሚለው ሦስተኛው ክርክር ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። ወደ ኮሌጅ የመጣው ለአንድ ሳህን ምግብ አልነበረም። የወጪ መጋራቱን ውል እንደኛው ፈርሟል፤ የፈረመው ለትምህርት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ አይደለም?

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስለን ቅርጫት ኳስ ወደ ተወለደበት አገር ዘወር ብለን እንይ። (የአሜሪካ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተፈጠረ፤ ስልሳ ዓመት ሳይሞላው አዳራሽ የሚሞላ ንግድ ሆነ። በ1950 የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ቡድን፣ የድሆችና የስደተኞች ልጆች የሚማሩበት ኮሌጅ ቡድን፣ የአገሪቱን ሁለት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈ። በ1951 ከነዚያው ጀግኖች ብዙዎቹ ታሰሩ፤ ቁማርተኞች ገንዘብ ሰጥተዋቸው የነጥብ ልዩነቱን አጥብበዋል ተብለው። ምርመራው ሲሰፋ ከ7 ኮሌጆች 32 ተጫዋቾች ተነኩ። ልጆቹ አጥፍተዋል፤ አናስተባብልም። ነገር ግን በየምሽቱ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተመልካች ሲሞላ የትኬቱን ገንዘብ የሚቆጥሩት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ንጹሕ ፍቅረ ስፖርት ይኑራችሁ የሚባሉት ግን ልጆቹ ብቻ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ይህ ሆነ። በ1955 በኮሎራዶ የአንድ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ሬይ ዴኒሰን በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚከፈለውን ካሳ ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ካሳ አይገባትም ብሎ ወሰነ፤ ኮሌጁ የኳስ ንግድ ላይ አይደለምና። የኮሌጆቹን ስፖርት የሚመራው ማኅበር በዚያው ዘመን «ተማሪ አትሌት» የምትለዋን ቃል ማስለመድ ጀመረ። የማኅበሩ ኃላፊ የነበሩት ዋልተር ባየርስ ኋላ በጡረታ ዘመናቸው እንደጻፉት፣ ቃሏ የተፈጠረችው ተጫዋቾች ሠራተኛ ተብለው እንዳይቆጠሩ ለመከላከል ነው። ስም ለማክበር ብቻ ሳይሆን ለመከልከልም ይወጣል ማለት ነው። «ተማሪ ነህ» ሲሉት ደመወዝ የለህም ማለታቸው ነበር። እሺ፤ ተማሪ ከሆነ ታዲያ አስተማሩት ወይ?

ለዚህ መልስ የሚሆነን የኬቪን ሮስ ጉዳይ ነው። ሮስ ከ1978 እስከ 1982 በነብራስካ ግዛት በክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ። ሲገባ ለኮሌጅ እንዳልተዘጋጀ ይታወቅ ነበር። በክሱ እንደተገለጸው፣ የቅርጫት ኳስ ንድፈ ሐሳብና የተኩስ ልምምድ የመሳሰሉ ትምህርቶችን እንዲወስድ ተመከረ፤ የንባብ ሥራውን የምታነብለትና ጽሑፎቹን አዘጋጅታ የምትተይብለት ጸሐፊም ተቀጠረች። ከአራት ዓመት በኋላ ሲወጣ የቋንቋ ችሎታው የአራተኛ ክፍል፣ ንባቡ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያህል ነበር። ከዚያ ቺካጎ ሄዶ ከሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ተማረ። ያን ቁመት ይዞ ከሕፃናት መካከል መቀመጥ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል! ጉዳዩን ያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1992 አንድ ስለታም ልዩነት አደረገ። አስተማሪ በደንብ አላስተማረኝም ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት እሰጥሃለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ከትምህርቱ የሚሳተፍበትን በር ፈጽሞ ካልከፈተለት ግን ውል አፍርሷልና ሊጠየቅ ይችላል አለ። እኛ የፈለግነው ቃል ይኸው ነው። ያቺን የምትተይብለትን ጸሐፊ ስናስብ ደግሞ አንገታችንን እንደፋለን። እኛም ሥራዋን በነጻ ሠርተናል።

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም አለ። ከ1993 እስከ 2011 ድረስ በዚያ መምህር የሌላቸው፣ ክፍል የማይገባባቸው «ትምህርቶች» ይሰጡ ነበር፤ አንድ ወረቀት ጽፎ ማስገባት ብቻ፣ ከዚያ ጥሩ ግሬድ። በ2014 የወጣው የምርመራ ዘገባ ከ3,100 የሚበልጡ ተማሪዎች እንደወሰዷቸው፣ ግማሽ ያህሉም አትሌቶች እንደነበሩ ገለጸ። የስፖርቱ ማኅበር ግን በ2017 ዩኒቨርሲቲውን ሳይቀጣ ቀረ፤ ምክንያቱም ትምህርቶቹ ለሌሎች ተማሪዎችም ክፍት ነበሩ ተብሎ ነው። እንደዚህ ያለ ምክንያት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማጭበርበሩ ለሁሉም ስለተዳረሰ ጥፋት አልሆነም!

«መፍትሔው እንግዲህ ገንዘብ መክፈል ነው» የሚል ካለ፣ አሜሪካኖቹ ወደዚያው ደርሰዋል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰኔ 2021 ላይ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም መገደብ ሕግ መጣስ ነው አሉ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 በጸደቀ ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለአትሌቶቹ መክፈል እንዲችል ተደረገ። ይህ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ የሠራ ይከፈለው። ግን ገንዘቡ ኬቪን ሮስን ያስነብበው ነበር? የሠራተኛ ደመወዝ የሠራተኛውን ዕዳ ይከፍላል፤ የተማሪውን ዕዳ ግን የሚከፍለው ትምህርት ብቻ ነው። ገንዘብ ከፍለን ያላስተማርነው ተማሪ፣ ሳንከፍለው ካላስተማርነው ቢሻልም፣ ያው ያልተማረ ነው።

በእኛ አገር ገንዘብና ስም ያለው ከቅርጫት ኳሱ ይልቅ በሩጫው ነው። ከይፋት አናት ላይ ያለው የሸዋ ደጋ አበበ ቢቂላን አበቀለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ተላከ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተካፈለ፤ በ1966 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር አለቀሰለት። እግሩ ከዳው እንጂ ስሙ አልከዳውም። ዳሩ ግን አበበ አንድ ነው። ወደ አበበ በሚወስደው መንገድ ላይ ትምህርታቸውን አቋርጠው የመከላከያን፣ የኦሜድላን ወይም የንግድ ባንክን ማልያ ለመልበስ የሮጡና ግማሽ መንገድ ላይ የቀሩ ስንት ናቸው? ክለብ ደመወዝ ይከፍላል፤ ያ መልካም ነው። የተሰበረ ጅማት ግን ደመወዝ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

አገር የሚለውጡም አሉ። የአርሲዋ ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን ሮጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 እና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ለራሷ ሕይወት የሚበጀውን የመምረጥ መብቷን አንነፍጋትም። የዓለም የአትሌቲክስ ማኅበር ግን በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ፣ በ2018 እንደገና ሲፈቅድ ሦስት ዓመት የመጠበቅ ግዴታና ከ20 ዓመት በታች ላሉ ክልከላ አስገብቷል። አንድ ትልቅ ተቋም ዕድሜን ለይቶ ገደብ ካኖረ፣ የወጣት እሺታ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አምኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ በዝባዡ ማን ነው? ድሮ ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ጣታችን ወደ ላይ ይቀሰር ነበር፤ ወደ ባለሥልጣኑ፣ ወደ ባለሀብቱ፣ ወደ አሠልጣኙ። የነሱን ድርሻ አንሰርዝም። ዋንጫው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጁ የለም። ነገር ግን ዋንጫው የሰጠውን ደስታ የበላነው እኛም ነን። የሱ ቡድን ባሸነፈ ምሽት በዶርሙ ኮሪደር ላይ እየጮህን የደጋውን ብርድ የረሳነው እኛ ነን። «የይፋት ልጅ» እያልን በሱ ቁመት የረዘምነው እኛ ነን። ይህን ደስታ በምን ገዛነው? አሳይመንት በመጻፍ! የጻፍንለት እንዲያልፍ ይመስለን ነበር፤ በውነቱ ግን ቅዳሜ እንዲጫወትልን ነው። በወዳጅነት ስም ከሱ የወሰድነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመሳሳት መብቱ ነው። ተማሪ የሚማረው ተሳስቶ፣ ዜሮ አግኝቶ፣ ተናድዶ፣ ተመልሶ ነው። እኛ ዜሮውን ቀማነው።

ከዚያ የሻይ ሰዓት በኋላ የሆነውን ተናግረን እንጨርስ። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ቤታችን መጣ። ያባቱን ማሳ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አቀናጅቶ ሽንኩርቱን ያለ ደላላ ለመሸጥ አስቧል፤ የገባና የወጣ የሚያዝበት መዝገብ ግን ያስፈልገዋል። ሒሳብ አያያዝ የሚያጠናውን ጓደኛችንን ይዞ፣ «ያን ያስተማሩንን...» አለና አቋረጠ፤ «ያስተማሯችሁን የመዝገብ አያያዝ አሳየኝ» አለው። ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቶ ይዞ መጥቷል። ሁለት ማታ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ማታ ስድስት ጊዜ ተሳሳተ፤ ማንም አልሠራለትም። በሁለተኛው ማታ የጆንያውን፣ የኪራዩን፣ የማዳበሪያውን ሒሳብ ለብቻው አመዛዘነ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አስተማሪ የሆነውን ጓደኛችንን አረመው።

እሱ ሳቀ። ጓደኛችን ግን ወደ ውጭ ወጥቶ ቆየ። ሲመለስ ያለን ይህ ነው፦ «ሁለት ማታ ነው የፈጀበት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራሁለት።»

ከዕረፍት ተመልሰናል። በዚህ ሴሚስተርም ቡድኑ ይጫወታል፤ እኛም ሄደን እናጨበጭባለን፤ ማጨብጨብ ኃጢአት አይደለም። ይህን ገጽ የምታነቡ ጓደኞቻችን ግን፣ ከጨዋታው በኋላ ያ አዲስ ረጅም ልጅ የትኛው ክፍል እንደሚማር ጠይቁት። አሳይመንቱን ጻፉልኝ ካላችሁ እሺ አትበሉት፤ ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ጊዜ ይፈጃል። ሁለት ማታ ያህል።